እርካታና ፍቅር በኪስ ኮምፒውተር ባለቤቶች ዘንድ

ሰው ለሚገለገልበት ዕቃ የሚያድርበት ፍቅር ዕቃው በሚሰጠው እርካታ ልክ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ባለቤቱን የማያስቸግርና የታዘዘውን ቶሎ የሚፈጽም ዕቃ ይወደዳል፤ የሚሳሳት፣ የሚያበሳጭና ከሠራው ኩባንያ ድጋፍ የተነፈገ ዕቃ ደግሞ ይጠላል፣ ውሎ አድሮም ይጣላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጨረሻ ዐሥር ዓመታት በአሜሪካ ለገበያ የቀረቡ የሁለት ኪስ ኮምፒውተሮች ታሪክ ያሳያል፤ አንደኛው ባለቤቶቹን በሰፊው አርክቶ፣ የተሻለ ነገር ሲመጣ ብዙዎቹ ያለ ብዙ ጭንቀት ሲተዉት፣ ሌላኛው ባለቤቶቹን አበሳጭቶ፣ በአደባባይ መሳለቂያ ሆኖ፣ በመጨረሻም በገዛ ኩባንያው ከተተወ በኋላ ተመራማሪዎች ከሃይማኖታዊ ታማኝነት ጋር እስከ ማስተያየት የደረሱበትን ፍቅር አትርፏል። እርካታና ፍቅር የአንድ ነገር ትልቅና ትንሽ መጠን ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሊሆን ባልተገባ ነበር፤ ስለዚህ ምንጫቸው አንድ መሆን አለመሆኑን፣ አንድ ካልሆነም ሰው ላስቸገረው ግዑዝ ነገር የሚሰጠው ፍቅር ምን ዓይነት ፍቅር እንደሆነ፣ ከአምልኮስ በምን እንደሚለይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የኪስ ኮምፒውተር ሲባል እዚህ ላይ የሚታሰበው ዘመናዊው ስልክ ከመምጣቱ በፊት የነበረው፣ የቀጠሮ መዝገብን፣ የአድራሻ ደብተርንና የማስታወሻ ወረቀትን ያጣመረ፣ በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። የአፕል ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጆን ስካሊ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1992 በላስ ቬጋስ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ላይ ይህን ዓይነቱን መሣሪያ ግላዊ ዲጂታል ረዳት ብለው ሰየሙት፤ ኩባንያቸውም ኒውተን መሴጅፓድ የተባለውን የመጀመሪያ ሥራውን በኦገስት 1993 በቦስተን ከተማ ይፋ አድርጎ በ699 ዶላር መሸጥ ጀመረ። (መሣሪያው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝምና ወደ 400 ግራም የሚመዝን ስለነበር የኪስ መባሉ የሚሠራው ሰፊ የካፖርት ኪስ ላለው ሰው ብቻ ነው።) ኒውተን የቁልፍ ሰሌዳ አልነበረውም፤ በምትኩ ባለቤቱ በፕላስቲክ ብዕር በስክሪኑ ላይ እንደ ልማዱ የጻፈውን ራሱ አንብቦ ወደ ታተመ ፊደል እንደሚለውጥ፣ ከዚያም አልፎ የባለቤቱን የእጅ ጽሑፍ ከቀን ወደ ቀን እየተማረ እንደሚሄድ ተነግሮለት ነበር። ሰዎች የገዙት ከመሣሪያው ይልቅ ይህን ተስፋ ነው ማለት ይቻላል።

ተስፋው በወጉ አልተፈጸመም። በመጀመሪያው ኒውተን ውስጥ የነበረው የንባብ ሥርዓት፣ የሩሲያ ባለሙያዎች በመሠረቱትና ፓራግራፍ በሚባለው ድርጅት የተሠራው፣ የተጻፈውን ቃል መልክ በውስጡ ካለው መዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየ ይቀርበዋል ያለውን ቃል የሚመርጥ ነበር። ስለዚህ ሲሳሳት የሚሳሳተው አንዱን ፊደል በሌላው በመተካት ብቻ አልነበረም፤ ሙሉውን ቃል ከጸሐፊው ሐሳብ ጋር ምንም ዝምድና በሌለው፣ ነገር ግን ለራሱ ሙሉና ትክክለኛ በሆነ ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ይተካዋል። በመዝገቡ ውስጥ የሌለ የሰው ወይም የመንደር ስም ያለ አንዳች ማመንታት መሣሪያው ወደሚያውቀው ነገር ይለወጣል። አስቀድሞ ከሚያውቀው በቀር ሌላ ማንበብ የማይችል አንባቢ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከማሽን ውጭም የሚያጋጥም የአንባቢ ዓይነት ነው። በዚያው በኦገስት 1993 የካርቱን ሠዓሊው ጋሪ ትሩዶ ዱንስቤሪ በተባለው ተከታታይ ሥራቸው መሣሪያውን ገባህ ወይ ተብሎ ሲጻፍለት ስለ እንቁላል የሆነ ነገር የሚመልስ ሞኝ አድርገው ሣሉት፤ በ1994 ደግሞ ሲምፕሰንስ የተባለው የቴሌቪዥን ትርኢት ተሳለቀበት። ከዚያ በኋላ ኒውተንን ይዞ በሰው ፊት መውጣት ለፌዝ መጋለጥ ሆነ።

ይህ ብስጭት ከሌላው የዕቃ ብስጭት የተለየ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይዴገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተሙት ዐቢይ ሥራቸው መሣሪያ በደንብ በሚሠራበት ጊዜ ከተጠቃሚው ልብ የሚሰወር መሆኑን አስተውለዋል፤ በመዶሻ የሚሠራ ሰው የሚያስበው ስለሚሠራው ነገር እንጂ ስለ መዶሻው አይደለም፣ መዶሻው ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ብቻ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዕቃ ፊቱ ይደቀናል። ኒውተን ግን በዚህ ትንታኔ ውስጥ በቀላሉ አይገባም፤ ምክንያቱም አልተሰበረም። የታዘዘውን ሠርቷል፣ በሙሉ ልብም መልስ ሰጥቷል፤ መልሱ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር። ለዚህ የሚቀርበው አኔት ቤየር የተባሉት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ በመመርኮዝና በመታመን መካከል ያስቀመጡት ልዩነት ነው። መመርኮዝ የአንድ ነገር የተለመደ ጠባይ እንደሚቀጥል ገምቶ በዚያ ላይ ሥራን መመሥረት ሲሆን፣ መታመን ግን የሌላውን በጎ ፈቃድ ተስፋ ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያው ሲጓደል ሰው ያዝናል፣ ሁለተኛው ሲጓደል ግን እንደ ተከዳ ይሰማዋል። የካንት ጎረቤቶች የፈላስፋውን የዕለት ሽርሽር እያዩ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ስለነበር አንድ ቀን ቢያረፍድ ይቸገሩ ይሆናል እንጂ ከዳን ሊሉት አይችሉም የሚለው ምሳሌም የእኚሁ ሴት ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ግዑዝ ነገር ፈቃድ ስለሌለው ሊታመን አይችልም፤ ሊመረኮዙበት ብቻ ነው የሚቻለው። ነገር ግን «ይረዳሃል፣ ይማርሃል» ተብሎ የተሸጠ መሣሪያ ባለቤቱን ከመመርኮዝ ወደ መታመን ይጋብዘዋል፤ ስለዚህም ስሕተቱ ከጉድለት ይልቅ ንቀት ይመስላል። የኒውተን ባለቤት የሌላ ሰው ስም ሲጠራበት የሰማ እንግዳ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ቢሰማው የሚያስቅ አይደለም። ቁጣው በማሽኑ ላይ መውረዱ የተሳሳተ ይመስል ይሆናል፤ በማሽኑ ውስጥ አልፎ ቃል ወደ ገቡት ሰዎች መሄዱ ግን ትክክል ነው፤ ቃል የገባ ማሽን የለም፣ በማሽን ስም ቃል የገባ ሰው እንጂ።

ሁለተኛው መሣሪያ ከዚህ ተቃራኒ መንገድ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፓልም የተባለውን ኩባንያ የመሠረቱት ጄፍ ሃውኪንስ ከኒውተን ጋር በአንድ ዓመት በወጣው፣ ዙመር በተባለውና ገበያ ባላገኘው መሣሪያ ላይ ከሠሩ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ገልብጠው አሰቡት፤ መሣሪያው የሰውን የእጅ ጽሑፍ እንዲማር ከመድከም ይልቅ ሰው ለመሣሪያው የሚመች አጭር አጻጻፍ እንዲማር ቢጠየቅ ይሻላል አሉ። ግራፊቲ ተብሎ የተጠራው ይህ አጻጻፍ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል ብዕሩ ሳይነሣ በአንድ ምት የሚያስጽፍ ነበር፤ ለምሳሌ ኤ የተባለው ፊደል አግዳሚ መስመሩ ቀርቶለት እንደ ተገለበጠ ቪ ይጻፋል። አብዛኛው ምልክት ከተለመደው ፊደል ጋር ስለሚመሳሰል ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ግራፊቲ በመጀመሪያ፣ በ1994፣ የተሸጠው ለሌሎች ኩባንያዎች መሣሪያዎች ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ኒውተን ነበር፤ መሣሪያቸው እንዲማራቸው ገዝተውት የነበሩ ሰዎች እነርሱ ለመሣሪያው የሚማሩትን ትምህርት ደግመው መግዛታቸው ከዚህ ታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው።

ፓይለት የተባለው የፓልም መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ሃውኪንስ አስቀድመው በሸሚዝ ኪሳቸው ልክ የተቆረጠ እንጨት ይዘው እየዞሩ፣ ቀጠሮ ሲሰጡ እንጨቱን አውጥተው የጻፉ በመምሰል ምን ያህል ጊዜ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ይፈትኑ እንደነበር የታወቀ ነው። ርካሹ ዓይነት 299 ዶላር ያወጣ ነበር፤ የማስታወስ አቅሙ 128 ኪሎ ባይት፣ ክብደቱ 160 ግራም ያህል፣ ኃይሉም ለሳምንታት ከሚያገለግሉ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ነበር። ከኒውተን ጋር ሲነጻጸር ደሃ መሣሪያ ነው። ባለቤቶቹ ግን ረኩ፤ የረኩትም ደሃ ቢሆንም አይደለም፤ ድህነቱን አስቀድሞ ስለተናገረ ነው እንጂ። ቀጠሮ፣ አድራሻ፣ የሥራ ዝርዝርና ማስታወሻ እይዛለሁ አለ፣ ያዘም፤ ፊደል ሲሳሳት ባለቤቱ ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ ያገኘዋል፣ የራስን እጅ ስሕተት ደግሞ ሰው በቀላሉ ይቅር ይላል።

ሰው ለማሽን አጻጻፉን መለወጡ የሰውን ክብር ዝቅ ያደርጋል የሚል ተቃውሞ በዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ረዳት ሆኖ የተገዛው ነገር ጌታውን ፊደል አስቆጠረው ማለት ነውና። ተቃውሞው ጥልቅ ቢመስልም ብዙ አይራመድም። ጽሕፈት ራሱ ከጥንት ጀምሮ የሰው እጅ ለብዕር፣ ለብራናና ለፊደል ቅርጽ የሚገዛበት ሥርዓት ነው፤ በየኔታ ፊት ሀ ሁ የሚቆጥር ሕፃን ጣቱንና ዐይኑን ለፊደል ገበታው ያስገዛል እንጂ ገበታው ለእርሱ አይለወጥለትም፣ ማንም ግን ሕፃኑ ተዋረደ አይልም። ክብርን የሚነካው መማር መጠየቁ አይደለም፤ የተጠየቀውን ነገር መሸሸጉ ነው። ፓይለት የሚጠይቀውን በግልጽ ጠየቀ፣ ኒውተን ግን ምንም አልጠይቅም ብሎ ሲያበቃ ባለቤቱ በድብቅ ቃላቱን እየመረጠና እጁን እያረመ ለመዝገበ ቃላቱ እንዲስማማ አስገደደው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ክርክር የሌላ ቤት ጠብ ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ፊደሉን አያውቁትም ነበርና። የፓልም ሥርዓት ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ምልክት የመደበው ቦታ ከ256 የማይበልጡ ልዩ ልዩ ምልክቶችን ብቻ የሚይዝ ስለነበር የግዕዝ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከላቲኑ ጋር ሊገባበት አይችልም። ኒውተን ግን በውስጡ የሚጠቀመው ዩኒኮድ የተባለውን፣ ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ ለየምልክቱ የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጠውን ሥርዓት ነበር። ቦታው ነበረ ማለት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን በዩኒኮድ ውስጥ መለያ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን በዚያን ጊዜ ኒውተን ከገበያ ከወጣ አንድ ዓመት አልፎታል። ከሁለቱ መሣሪያዎች ለአማርኛ የቀረበው፣ ሳይነገርለት፣ የተሳለቁበት ነው።

ወደ እርካታ እንመለስ ቢባል፣ የረካው ባለቤት ሁኔታ ሲመረመር ብዙ የሚያስመሰግን ሆኖ አይገኝም። ፓይለት የያዘውን ሁሉ ያኖር የነበረው ኃይል ሳይቋረጥ ብቻ በሚቆይ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ባትሪው ካለቀና ካልተተካ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፣ ባትሪ በሚለወጥበት ጊዜም የነበረው ፋታ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን መሣሪያው በማስቀመጫው ላይ ተደርጎ አንድ ቁልፍ ሲጫን ይዘቱ ወደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር እንዲገለበጥ ተደርጓል። ቁልፉን የሚረሳው ግን ማን ነው? ጭንቀት የሌለበት ሰው ነው። ዕቃው በሚገባ በሠራ ቁጥር ባለቤቱ ስለ ዕቃው ማሰቡን ይተዋል፣ ማሰቡን በተወ ቁጥርም ጥንቃቄው ይላላል፤ ስለዚህ ሙሉ እርካታ በውስጡ የራሱን ኪሳራ ይዞ ይሄዳል።

ትውስታን ለዕቃ አሳልፎ በመስጠት ላይ የሁለት ዘመን ፈላስፎች ተቃራኒ ፍርድ አላቸው። ፕላቶ ፋይድሮስ በተባለው ድርሳኑ ውስጥ ጽሕፈትን ፈለሰፍኩ ብሎ ለግብፅ ንጉሥ ያቀረበውን ቴዎት የተባለውን አምላክ ታሪክ ሲተርክ፣ ንጉሡ ፈጠራው የሰዎችን ትውስታ ያደክማል እንጂ አያበረታም፣ ከውስጣቸው ሊያወጡት የሚገባውን ከውጭ ምልክት ይለምናሉ የሚል መልስ እንደሰጠው ይናገራል። በአንጻሩ አንዲ ክላርክና ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ አእምሮ በራስ ቅል ወሰን አያበቃም የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ምሳሌያቸው ኦቶ የተባለ፣ አልዛይመር የተባለው የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሲሆን፣ ይህ ሰው ሁልጊዜ ይዞት የሚዞረውንና የሚያነብበትን ያለ ጥርጣሬ የሚቀበለውን የማስታወሻ ደብተር ሌላው ሰው በትውስታው እንደሚጠቀመው ይጠቀምበታል፣ ስለዚህ ደብተሩ የአእምሮው ክፍል ነው ይላሉ። ትኩረት የሚሹት ግን ለዚህ ያስቀመጧቸው ሁኔታዎች ናቸው፤ ሁልጊዜ አብሮ መኖር፣ በቀላሉ መገኘትና ያለ ጥርጣሬ መታመን። ሦስቱም የረካው የፓይለት ባለቤት ሁኔታዎች ናቸው። ኒውተን ግን በሦስተኛው ይወድቃል፤ የጻፈውን ሁሉ መለስ ብሎ የሚያጣራ ባለቤት መሣሪያውን የአእምሮው ክፍል ሊያደርገው አይችልም፣ ስለዚህ መሣሪያው ለዘለዓለም ሌላ ሆኖ፣ ፊት ለፊት እንደ ተቀመጠ ባልንጀራ ይቀራል። ሰው የራሱን ክንድ አይወድም ባይባልም የሚያፈቅረው ግን ሌላውን ነው።

ኒውተን እየተሻሻለ መሄዱ መነገር አለበት። በ1996 የወጣው ሁለተኛው ሥርዓቱ ነጣጥለው የተጻፉ ፊደላትን በሚገባ ያነብ ነበር፣ በ1997 የወጣው መሴጅፓድ 2000 ደግሞ ፈጣን መሣሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆኑት ስቲቭ ጆብስ ወደ ኩባንያው ከተመለሱ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1998፣ ሥራው እንዲቆም ተወሰነ፤ በቀጣዩ ወርም ባለቤቶች በካሊፎርኒያ ኩፐርቲኖ በሚገኘው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ። ዕቃ ከገበያ ሲወጣ ሰልፍ መውጣት የተለመደ ነገር አይደለም። ከሰልፉ በኋላ የመጣው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ባለቤቶቹ መለዋወጫ እየተቀባበሉ፣ አዳዲስ ፕሮግራሞችን ራሳቸው እየጻፉ፣ መሣሪያው በተወለደበት ጊዜ ካልነበሩ ሥራዎች ጋር እያስተዋወቁት ለብዙ ዓመታት አቆዩት።

አልበርት ሙኒዝና ሆፕ ሻው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በጆርናል ኦፍ ኮንሲውመር ሪሰርች ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ባለቤቶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሯቸውን ታሪኮች መርምረው ሃይማኖታዊ ቅርጽ አገኙባቸው፤ ስለ እምነታቸው የሚሰደዱ ታማኞች፣ ወድቆም ተሰብሮም በተአምር የተነሣ መሣሪያ፣ ሞቷል ከተባለ በኋላ ተመልሶ ይመጣል የሚባል ተስፋ። የጥናቱ ጠቃሚ ነጥብ ባለቤቶቹ ራሳቸውን እንደ ሃይማኖት ተከታይ ይቆጥራሉ ማለቱ አይደለም፤ ሰው ለተተወ ነገር ያለውን ታማኝነት ለመግለጽ ሲፈልግ በእጁ ያለው ቋንቋ የሃይማኖት ቋንቋ መሆኑን ማሳየቱ ነው።

ይህን ፍቅር ለመረዳት ከሁሉ የሚረዳው አሪስቶትል በሥነ ምግባር ድርሳኑ ዘጠነኛ ክፍል ያቀረበው ጥያቄ ነው። በጎ ያደረገ ሰው በጎ የተደረገለትን የሚወድደው የተደረገለት ሰው በጎ አድራጊውን ከሚወድደው አብልጦ መሆኑን ሁሉም ያያል፤ ይህ ግን እንግዳ ነው፣ ባለዕዳው አበዳሪውን አብልጦ መውደድ ነበረበትና። የአሪስቶትል መልስ ሰው የእጁን ሥራ ይወድዳል የሚል ነው፤ ሠሪው በሠራው ነገር ውስጥ በተግባር ይኖራል፣ ስለዚህ ሥራውን መውደዱ የራሱን ሕልውና መውደዱ ነው፣ በድካም የተገኘም ያለ ድካም ከተገኘው አብልጦ ይወደዳል፣ ሀብቱን ራሱ ያፈራ ሰው ከወረሰው ይልቅ ገንዘቡን እንደሚወድድ። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባለቤትነት የሚመነጨው ሰው ድካሙን ከነገሩ ጋር ስለሚቀላቅል ነው ሲሉ ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ ነገር ግን ሎክ የሚናገሩት ስለ መብት ሲሆን አሪስቶትል የሚናገረው ስለ ፍቅር ነው።

በዚህ ብርሃን እርካታና ፍቅር ከሁለት የተለያዩ ምንጮች እንደሚቀዱ ይታያል። እርካታ በዕቃው ስም በተገባው ቃልና ዕቃው በፈጸመው ሥራ መካከል ያለ ርቀት መለኪያ ነው፤ የሚመጣውም ከዕቃው ወደ ባለቤቱ ነው። ፍቅር ግን ከባለቤቱ ወደ ዕቃው የሄደ ድካም ውጤት ነው። ፓይለት ብዙ ሰጠ፣ ጥቂት ተቀበለ፤ ስለዚህ ባለቤቱ እንደ አሪስቶትል ባለዕዳ ሆኖ አመስግኖ ሄደ። ኒውተን ግን በመጀመሪያ በጉድለቱ፣ ኋላም በመተዉ የባለቤቱን ጉልበት ያለ ማቋረጥ ጠየቀ፣ እየጠየቀም ባለቤቱን ወደ በጎ አድራጊነት አሳደገው። እዚህ ላይ የብስጭት ሚና ይገለጣል፤ ጉድለት የሌለበት ዕቃ ለፍቅር መግቢያ በር የለውም። ይህ ማለት ግን አምራቾች ጉድለት ቢያበዙ ይወደዳሉ ማለት አይደለም፤ ኒውተንን ገዝተው በመጀመሪያው ወር የጣሉት ሰዎች ድካማቸውን ሳያፈስሱ ስለሄዱ በዚህ ታሪክ ውስጥ አይቆጠሩም እንጂ ቁጣቸው ትክክለኛ ነበር።

የሚቀረው የአምልኮ ጥያቄ ነው። አውግስጢኖስ ስለ ክርስትና ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ነገሮችን ለሁለት ይከፍላል፤ ሌላ ነገር ለማግኘት ሲባል የምንገለገልባቸውና ስለ ራሳቸው ሲባል በፍቅር የምንጣበቅባቸው። በፍጹም ፍቅር ስለ ራሱ ሊወደድ የሚገባው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለመገልገያ የተሰጠንን ነገር ስለ ራሱ መውደድ የፍቅርን ሥርዓት ማዛባት ነው። በዚህ ፍርድ ሥራው ያበቃለትን ኮምፒውተር መውደድ ከመገልገል አልፎ ስለ ራሱ መውደድ ስለሚመስል ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለፈጣሪ ብቻ በሚቀርበው የአምልኮ ስግደትና ለቅዱሳን ወይም ለመስቀል በሚሰጠው የአክብሮት ስግደት መካከል ያለውን ልዩነት በማምጣት ጥፋቱን ለማቅለል ቢሞከርም አይሆንም፤ አክብሮት በሚታየው ነገር በኩል አልፎ ወደማይታየው ባለቤት ይሄዳል፣ ከኒውተን ጀርባ ግን የቆመ ቅዱስ የለም፣ የተወው ኩባንያ እንጂ።

የተሻለ መለኪያ የሚገኘው በነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 44 ነው። ነቢዩ የሚዘብተው ከአንድ ግንድ ግማሹን አንድዶ እንጀራ በጋገረበት፣ በቀረው ግማሽ ጣዖት ሠርቶ በሰገደለት ሰው ላይ ነው፤ የዘበቱም ፍሬ ነገር ሰውየው የእጁን ሥራ መውደዱ ሳይሆን ከእጁ ሥራ መዳንን መለመኑ ነው። ጣዖትን ጣዖት የሚያደርገው አድነኝ መባሉ ነው። የኒውተን ባለቤት ግን ግንኙነቱን ገልብጦታል፤ የሚያድነው እርሱ ነው፣ የሚድነው ዕቃው ነው። መለዋወጫ የሚያፈላልግለት፣ የሚጠግነው፣ እንዳይሞት የሚጠብቀው ሰው የዕቃውን ግዑዝነት ከማንም በላይ ያውቃል፣ ከፍቶ አይቶታልና። ቋንቋው የሃይማኖት ይሁን እንጂ ተግባሩ ከአምልኮ ይልቅ ለሞግዚትነት ይቀርባል። በአንጻሩ ስለ መሣሪያው አንዳች ሳያስብ ቀጠሮውን፣ የወዳጆቹን አድራሻና ትውስታውን ሁሉ አደራ ያስረከበው፣ ባትሪው ሲያልቅ ብቻ የሚደነግጠው የረካው ባለቤት ከኢሳይያስ ሰው ጋር የሚጋራው ነገር አለ፤ ሳይሰግድ፣ ሳይዘምር፣ ሳይወድድም ራሱን አስረክቧል። ሰዎች የጣዖትን አደጋ በፍቅር ውስጥ ሲፈልጉ መኖራቸው ምናልባት ከዚህ የባሰውን የእርካታን ጸጥታ ሳያዩ እንዲያልፉ አድርጓቸዋል።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን በዚህ ላይ የሚሉት አላቸው፤ ሰው ቀድሞ ያፈሰሰውና ሊመልሰው የማይችለው ወጪ እንዳይባክንበት ብሎ በማያዋጣ ነገር ላይ ወጪ መጨመሩ የታወቀ የአስተሳሰብ ስሕተት ነው፣ የኒውተን ባለቤቶች ፍቅርም ይኸው ስሕተት የክብር ልብስ ለብሶ ነው ሊሉ ይችላሉ። መልሱ በከፊል አዎ ነው። ነገር ግን ስሕተቱ ስሕተት የሚሆነው ድካሙ ከራሱ ውጭ ላለ ትርፍ የተደከመ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። የኒውተን ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከ1993 መጀመሪያ አንሥቶ በሰከንድ ሲሆን፣ ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ 536,870,912 ሰከንድ ላይ ይሞላል፤ ይህም በጃንዋሪ 5 ቀን 2010 ላይ ይውላል። ከዚያ ቀን በኋላ የመሣሪያው የቀን አቆጣጠር ይዛባል፤ ኩባንያው ከተወው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበርና ማስተካከያ ከእርሱ የሚጠብቅ አልነበረም። ማስተካከያውን ከባለቤቶቹ ማኅበረሰብ መካከል የሆኑ ሰዎች ጽፈው አከፋፈሉት። ከዚህ ማንም ገንዘብ አያተርፍም፣ ያለፈ ወጪም አይመለስም።

በዚያው ወር በ27ኛው ቀን አፕል በሳን ፍራንሲስኮ አይፓድን ይፋ አደረገ፤ ይፋ ያደረጉትም ኒውተንን ያስቆሙት ስቲቭ ጆብስ ናቸው። በሙኒዝና ሻው ጥናት የተመዘገበው የዳግም ምጽአት ተስፋ ተፈጸመ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የመሣሪያውን ዓላማ ለሚያይ ሰው አዎ ሊባል ይችላል፤ በእጅ የሚያዝ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው፣ በመንካት የሚታዘዝ፣ ከአባቱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኮምፒውተር ነውና። አዲሱ መሣሪያ ግን ባትሪው በባለቤቱ እጅ እንዲለወጥ ሆኖ አልተሠራም፣ ፕሮግራም የሚገባበትም ኩባንያው በሚቆጣጠረው በአንድ በር ብቻ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲጠግን የኖረ ሰው የሚረካበት እንጂ የሚደክምበት ቦታ አልተተወለትም።